የጡረታ ምርጫው የት ነው? አዲስ ተቀጣሪ የባቲ መምህርና የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት

በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በመንግሥት ትምህርት ቤት አዲስ የተቀጠረ መምህር በ180 ቀናት ውስጥ ከ3 የጡረታ ዐቅዶች አንዱን እንዲመርጥ ይጠየቃል። የመጀመሪያው በአገልግሎት ዘመንና በደመወዝ የሚሰላ የዕድሜ ልክ አበል ነው፤ ሁለተኛው በመምህሩ ስም የሚጠራቀም የቁጠባ ሒሳብ ሲሆን ሦስተኛው የሁለቱ ቅይጥ ነው። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ በባቲ ከተማ ወይም በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የተመደበ አዲስ መምህር ግን እንዲህ ያለ ቅጽ አይቀርብለትም። የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል 7 በመቶው ተቀንሶ ያገኘዋል፤ መንግሥት በአሠሪነቱ 11 በመቶ ይጨምርበታል። ነገሩ በዚሁ ያለቀ ይመስላል።

ይህ አጭር ጽሑፍ የሚከራከረው ነገሩ በዚሁ እንደማያልቅ ነው። በኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኛ ዐቅድ አይመርጥም፤ ሆኖም የአበሉን መጠን፣ አልፎ ተርፎም አበል ማግኘት አለማግኘቱን የሚወስኑ በርካታ ምርጫዎችን ያደርጋል። ችግሩ እነዚህን ምርጫዎች የሚያደርገው ምርጫ መሆናቸውን ሳያውቅ፣ አብዛኞቹንም በአገልግሎቱ የመጀመሪያ ዓመታት መሆኑ ነው። ስሌቶቹ የተሠሩት በአዋጅ ቁጥር 714/2003 ቀመር ነው። አዋጁ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 ተተክቷል፤ የ7 እና የ11 በመቶው መዋጮ ግን እንደነበረ ቀጥሏል።

ቀመሩ ምን ይሸልማል?

10 ዓመት አገልግሎ 60 ዓመት የሞላው የመንግሥት ሠራተኛ የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ በአበል መልክ ያገኛል። ከ10 ዓመት በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታከልለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። በ23 ዓመቱ ተቀጥሮ እስከ 60 የዘለቀ መምህር 37 ዓመት ስለሚያገለግል አበሉ 63.75 በመቶ ይሆናል። ጣሪያውን ለመንካት 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል፤ ይህም በ18 ዓመት ዕድሜ መቀጠርን ይጠይቃል። ዲግሪ ይዞ ወደ ሙያው ለሚገባ የዛሬ ወጣት ጣሪያው በወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ብቻ ነው።

በቀመሩ ውስጥ ትኩረት የሚሻው 10ኛው ዓመት ነው። ለጡረታ ዕድሜ ደርሶ 9 ዓመት ብቻ ያገለገለ ሠራተኛ አበል የለውም፤ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የአንድ ወር ከሩብ ደመወዝ ታስቦ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነው። ይህም በድምሩ የ11.25 ወር ደመወዝ መሆኑ ነው። አንድ ዓመት ጨምሮ ያገለገለ ባልደረባው የ30 በመቶ አበሉን በተቀበለ በ37ኛው ወር ገደማ ከዚህ መጠን ጋር ይስተካከላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ ሁሉ ትርፍ ነው። ስለዚህ በ50ዎቹ ዕድሜ ወደ መምህርነት ለሚገባ ሰው ቅጥሩን በጥቂት ወራት ማዘግየት የሚያስከትለው ልዩነት ከማናቸውም የደመወዝ ጭማሪ ይበልጣል።

ለወጣቱ መምህር ግን ወሳኙ ድንበር ሌላ ነው። በ714/2003 መሠረት በገዛ ፈቃዱ ሥራ የሚለቅ ሠራተኛ የጡረታ ዕድሜው ሲደርስ አበል እንዲያገኝ አስቀድሞ 20 ዓመት ማገልገል አለበት። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ የሰኞ ገበያዋ አማራውን፣ ኦሮሞውንና አፋሩን የሚያገናኝ ከተማ ናት። ንግዱም ሆነ ወደ ዐረብ አገራት መሄድ እዚህ ለወጣት ሩቅ ሐሳብ አይደለም። በ8ኛው ወይም በ12ኛው ዓመቱ ኖራውን ጥሎ ለመሄድ የሚያስብ መምህር ብዙውን ጊዜ የሚያወዳድረው የወር ደመወዙን ከወር ትርፉ ጋር ነው፤ የተጀመረው የአገልግሎት ዘመን በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም።

እዚህ ላይ «መልቀቅ» የሚለው ቃል ራሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። መምህሩ ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ወዳለ የግል ትምህርት ቤት ቢዛወር በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት ይታቀፋል፤ የሁለቱ ሥርዓቶች አገልግሎትም ተደምሮ ይታሰብለታል። ወደ ገበያው ወይም ወደ ባሕር ማዶ ቢወጣ ግን ቆጠራው ይቆማል። አዋጅ ቁጥር 715/2003 መደበኛ ባልሆነው ዘርፍ የተሰማሩ ሰዎች በፈቃዳቸው እንዲታቀፉ በር ከፍቷል፤ የአሠሪውን ድርሻ የሚጋራ ሌላ ወገን ስለሌለ ግን ሸክሙ በአንድ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ከመልቀቅና አለመልቀቅ ይልቅ ለጡረታው የሚበልጠው ጥያቄ የት መሄድ ነው።

ምርጫ የተፈቀደበት ጊዜ

በአገራችን የጡረታ ሕግ እውነተኛ የዐቅድ ምርጫ አንድ ጊዜ ተከፍቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 715/2003 የግል ድርጅቶችን ሠራተኞች ወደ ጡረታ ሥርዓት ሲያስገባ፣ አስቀድሞ ፕሮቪደንት ፈንድ የነበራቸው ሠራተኞች በዚያው እንዲቀጥሉ ወይም ወደ ጡረታ እንዲዞሩ አማራጭ ሰጠ። አንዳንድ ሰዎች ዛሬም «ገንዘቤን በእጄ ቢሰጡኝ ይሻለኝ ነበር» ሲሉ ይሰማሉ። አባባሉ ቢመረመር ይጠቅማል።

የደመወዙ የመግዛት ዐቅም በ37ቱ ዓመታት አልተለወጠም፣ ቁጠባውም ከዋጋ ንረት በላይ አላተረፈም እንበል። ሁለቱ መዋጮዎች ተደምረው (18 በመቶ) የ6.66 ዓመት ደመወዝ ያከማቻሉ። የ63.75 በመቶው አበል ይህን ገንዘብ ለመጨረስ 10 ዓመት ከ5 ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ ማለትም ከ70 ዓመት በላይ የሚኖር መምህር በአበሉ ይጠቀማል። የራሱን 7 በመቶ ብቻ ብንቆጥር ደግሞ ያዋጣውን ከ4 ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ መልሶ ያገኛል።

«አላተረፈም» የሚለው ግምት ግን ለቁጠባው የተደረገ ቸርነት ነው። የብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ በ2010 ዓ.ም. ወደ 7 በመቶ ከፍ ቢልም፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ20 በመቶ በላይ ነበር። በባንክ የተቀመጠ የፕሮቪደንት ገንዘብ በየዓመቱ ይሟሟ ነበር ማለት ነው። በደመወዝ ላይ የተመሠረተው አበል በሥራ ዘመን ከዚህ ይጠበቃል፤ የ20 ዓመት አገልግሎት የሚታሰበው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደመወዝ እንጂ በጥንቱ አይደለምና። (በባቲ ለሚኖር ሙስሊም መምህር ወለድ የሚታሰብበት ሒሳብ ሌላ ጥያቄም ያስነሣል፤ ያ ለብቻው ጥናት የሚገባው ነው።)

የአበሉ ድክመት የሚታየው ከጡረታ በኋላ ነው። አበል ከዋጋ ንረት ጋር በራሱ አያድግም፤ የሚስተካከለው በመንግሥት ውሳኔ ነው። ንረቱ በዓመት 20 በመቶ ሆኖ ማስተካከያ ካልተደረገ፣ አበሉ በ4 ዓመት ውስጥ ከመግዛት ዐቅሙ ከግማሽ በላይ ያጣል። የሦስት ዓመቱ አማካይም የራሱ ወጥመድ አለው። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ተደጋግሞ ተሻሽሏል፤ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ የአንደኛ ዲግሪ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር አድጓል። ደመወዙ በዚሁ ምጣኔ ያደገለት፣ ነገር ግን አዲሱን ደመወዝ ለ1 ዓመት ብቻ በልቶ ጡረታ የሚወጣ ሰው ቢኖር አማካዩ 8,460 ብር ይሆናል፤ ከመጨረሻ ደመወዙ 74 በመቶ የማይሞላ ማለት ነው። 63.75 በመቶ የተባለው አበል ወደ 47 በመቶ ይወርዳል። ለጡረታ የተቃረበ መምህር የደረጃ ዕድገቱን ከ3 ዓመት በፊት ማጠናቀቁና በመጨረሻው ዓመት ማጠናቀቁ አንድ አይደሉም።

በቅጥሩ ዕለት የሚሞላው ወረቀት

ለጡረታ ዕድሜ መሠረት የሚሆነው ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር ያስመዘገበው የልደት ዘመን ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ፣ ዛሬ የሚቀጠሩ መምህራን በአብዛኛው ሲወለዱ አልተመዘገቡም። ዕድሜያቸው በትምህርት ቤት ምዝገባ ወቅት በግምት የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ሁለት ዓመት አብልጦ የጻፈ 2.5 በመቶ አበሉንና ሁለት የደመወዝ ዓመታትን በዚያች ዕለት ፈርሞ ሰጥቷል። ቅጂ መያዝም እንዲሁ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ባቲንና ከሚሴን ከነካ በኋላ፣ የግል ማኅደር በአንድ ቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ብቻ መቀመጡ ምን ማለት እንደሆነ ለአካባቢው ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው የተተኪዎች ጉዳይ ነው። በ22 ዓመቱ ላጤ ሆኖ ቅጽ የሞላ መምህር በኋላ ቢያገባና ቢወልድም ማኅደሩን ላያሳድስ ይችላል። ጋብቻው በኒካሕ የተፈጸመ ከሆነ ሕጉ ያውቀዋል፤ ነገር ግን በክብር መዝገብ ካልሰፈረ ሚስቲቱ ማስረጃ ፍለጋ የምትመላለሰው በሐዘኗ ሰሞን ነው። ዕድሩ ቀብሩን ያሳምራል፣ ዕቁቡም ተራው ሲደርስ ይከፍላል፤ የወር ገቢን ግን ሁለቱም አይተኩም።

በቁጥር እንየው። አማካይ ደመወዙ 11,500 ብር የሆነ መምህር 25 ዓመት አገልግሎ ቢሞት፣ አበሉ 48.75 በመቶ፣ ማለትም 5,606 ብር ገደማ ነው። የትዳር ጓደኛ ድርሻ የአበሉ 50 በመቶ፣ የእያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 20 በመቶ ስለሆነ፣ ሁለት ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ያሏት ሚስት ከነልጆቿ በወር 5,045 ብር ገደማ ታገኛለች። የጋብቻው ማስረጃ ባይሟላ ከዚህ ውስጥ የልጆቹ 2,242 ብር ብቻ ይቀራል፤ እሱም የልደታቸው ማስረጃ ካለ ነው።