ምዕራፍ ስድስት፦ የቸኮለ ሰው ጎረቤቱን አያይም

ሰው ሌላውን ሳይረዳ የሚቀረው ሁልጊዜ ጨካኝ ሆኖ አይደለም። ብዙ ጊዜ ስላላየው ነው። ዓይኑ ስልኩ ላይ፣ ሐሳቡ የነገው ጉዳይ ላይ፣ እግሩ መንገድ ላይ ሆኖ በተቸገረ ሰው አጠገብ ያልፋል። ስለዚህ ደግነትን መለማመድ የሚፈልግ ሰው ከአስተውሎት መጀመር አለበት።

ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። በአሜሪካ ፕሪንስተን ከተማ 40 የነገረ መለኮት ተማሪዎች አጭር ንግግር እንዲያደርጉ ወደ ሌላ ሕንፃ ተላኩ። ከፊሎቹ የሚናገሩት በወንጌል ታሪክ የተጎዳን መንገደኛ ስለረዳው ደጉ ሳምራዊ ነበር። በመንገዳቸው ላይ አንድ ሰው አንገቱን ደፍቶ እያሳለና እያቃሰተ ተቀምጧል። ገና ጊዜ እንዳላቸው ከተነገራቸው መካከል 63 በመቶው ረዱት። ዘግይታችኋል፣ ፍጠኑ ከተባሉት ግን የረዱት 10 በመቶ ብቻ ናቸው። ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊናገሩ መሄዳቸው ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ጥድፊያ የተማሩትን ሁሉ አስረሳቸው።

አስተውሎት ምንድን ነው?

አስተውሎት ማለት አሁን የምንሠራውን፣ የምንሰማውንና የሚሰማንን ለመፍረድ ሳንቸኩል ልብ ማለት ነው። ይህ ልምምድ ወደ ዘመናዊ ሕክምና እንዲገባ ትልቅ ድርሻ ያበረከቱት ጆን ካባት ዚን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል የጀመሩት ሥልጠና በኋላ የስምንት ሳምንት መርሐ ግብር ሆኖ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። ማቲው ኪሊንግስወርዝና ዳንኤል ጊልበርት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት 2,250 ሰዎችን በስልክ እየጠየቁ ተከታተሉ። የሰዎቹ ሐሳብ ከነቁበት ሰዓት 47 በመቶ ያህሉን ከሚሠሩት ሥራ ውጭ ሲባዝን ተገኘ። ሐሳባቸው ሲባዝንም ደስታቸው ይቀንስ ነበር።

መቐለ ያሳየችን

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር ከምዕራብ ትግራይና ከሌሎች አካባቢዎች የተፈናቀሉ ሰዎች ወደ መቐለ ጎረፉ። እንደ ማይ ወይኒና ሓድነት ያሉ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። የከተማዋ ነዋሪ ከጓዳው እንጀራ፣ ከቤቱ ብርድ ልብስና ልብስ እያወጣ ወሰደላቸው። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. በኋላ ባንክ ሲዘጋ፣ ስልክና መብራት ሲቋረጥ ሰጪው ራሱ ተቸገረ። የዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞችና ነርሶች ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ደመወዝ ታካሚ ሲያክሙ ቆዩ።

በዚያን ጊዜ ብዙ ቤት ውስጥ ችግሩ ድምፅ አልነበረውም። የለመነ ይሰማል፤ ያፈረ ግን ካልታየ አይታወቅም። ምድጃው ሳይነድ የዋለውን ቤት፣ ቡና ማፍላት የተወችውን ጎረቤት፣ ከሰው መራቅ የጀመረውን አዛውንት ልብ ያለ ሰው ነው ሊደርስላቸው የሚችለው።

ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ። በታኅሣሥ አውሮፕላኑ ተመልሶ በረረ፤ ስልክም ሠራ። ከስልኩ ጋር ጥድፊያውም ተመለሰ። ሆኖም ከተፈናቀሉት ብዙዎቹ ዛሬም ወደ ቀያቸው አልገቡም። የማየት ልማዳችን አሁንም ያስፈልጋል።

በዕለት ኑሮ እንዴት እንለማመደው?

*ጠዋት።* ስልክዎን ከማንሳትዎ በፊት ሦስት ጊዜ በቀስታ ይተንፍሱ። አየሩ ሲገባና ሲወጣ ብቻ ይከታተሉ። ሐሳብዎ ቢሸሽ ራስዎን ሳይወቅሱ ይመልሱት። ከዚያ ዛሬ የሚያገኙትን አንድ ሰው ያስቡና መልካም ይመኙለት።

*መንገድ ላይ።* ከዓዲ ሐቂ ገበያ ወደ ሮማናት አደባባይ በባጃጅ ሲሄዱ ስልክዎን ኪስዎ ውስጥ ይተዉት። ሾፌሩን ፊቱን አይተው ሰላም ይበሉት፤ ሲወርዱ ያመስግኑት።

*ሰላምታ ሲሰጡ።* በመቐለ ሰላምታ ረጅም ነው። «ከመይ ሓዲርኪ? ደቅኺ ደሓን ዶ ሓዲሮም?» (እንዴት አደርሽ? ልጆችሽ ደህና አደሩ?) እያሉ ስለ ልጆችና ስለ ቤተሰብ መጠያየቅ የቆየ ወግ ነው። ጥያቄውን ከጠየቁ በኋላ መልሱን ይጠብቁ። «ደህና» የሚለው ቃል ከተጠያቂዋ ፊት ጋር ካልገጠመ ቁጭ ብለው ድጋሚ ይጠይቁ።

*ቡና ላይ።* ቡናችን ሦስት ጊዜ ይቀዳል፤ ለልምምድም ይመቻል። አቦሉን ሲጠጡ የቡናውን ሽታና የስኒውን ሙቀት ልብ ይበሉ። ቶናው ሲቀዳ አንድ ሰው ሲናገር ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ያዳምጡ። በበረካው ደግሞ ዛሬ ከቡናው የቀረው ማን እንደሆነ ተነጋገሩ፤ ማን ሄዶ እንደሚጠይቀውም እዚያው ወስኑ።

*ሲሰጡ።* የሰውን ክብር ይጠብቁ። የተቸገረችን እናት በሰው ፊት ገንዘብ ከማስጨበጥ «ነይ ቡና እንጠጣ» ብሎ መጥራት፣ ጤፉንም ሰው ሳያይ ማድረስ ይሻላል። ትንሽም ቢሆን ሳያቋርጡ የሚያደርጉትን ይምረጡ።

ዝምታ ሲከብድ

አስተውሎት ለሁሉም ሰው በአንድ መንገድ አይመችም። ጦርነት ላለፈበት ሰው ዓይንን ጨፍኖ ዝም ማለት መጥፎ ትዝታ ሊቀሰቅስ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ዓይንዎን አይጨፍኑ። እግርዎን መሬት ላይ አስረግጠው በዙሪያዎ ያሉ አምስት ነገሮችን በስማቸው ይጥሩ፤ ወይም ከሚያምኑት ሰው ጋር በእግር ይንሸራሸሩ። ቅዠቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ወይም ድንጋጤው ለሳምንታት ከዘለቀ የጤና ባለሙያ ያማክሩ። ይህ ድክመት አይደለም። ለሌላው የምንራራውን ያህል ለራሳችንም መራራት ይገባናል።

ውድ አንባቢ፣ በዚህ ሳምንት ከተዘረዘሩት ልምምዶች አንዱን ብቻ ይምረጡና በየቀኑ ያድርጉት። በሰፈርዎ ድምፁን ያጠፋ አንድ ሰው አለ። ዛሬ ሄደው በሩን ያንኳኩ።