ትምህርት፦ ያለፈውን ዘመን ከአዛውንት አንደበት መጠየቅ



በሐርጌሳ መሐል ከተማ ሐውልት ላይ የቆመውን የሚግ አውሮፕላን ሁላችንም እናውቀዋለን። በግንቦት 1980 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1988) የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ከተማዋን ሲያጠቁ፣ የዚያድ ባሬ መንግሥት ከዚሁ ከሐርጌሳ ማረፊያ በሚነሡ አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደበ። ሕዝቡም በመቶ ሺህ እየሆነ ወደ አገራችን ተሰደደ፤ ብዙዎቹ በጅጅጋ አካባቢ በሐርትሼክ መጠለያ ኖሩ። ስለዚህ ጎረቤቶቻችን ስደትን ያውቁታል። የእኛም አዛውንቶች የ1966ቱን አብዮት፣ ቀይ ሽብርንና የ1977ቱን ረሃብ አይተዋል። ሳንጠይቃቸው ካለፉ ያዩት አብሯቸው ይቀበራል።

ሲጠየቁ የሚከተሉትን አስተውሉ።

1. አስቀድማችሁ ዓላማችሁን ንገሩ። ስደተኛ ወረቀትና እስክሪብቶ ሲያይ «ለምዝገባ ይሆን? ለጉዳዬ ይረዳኝ ይሆን?» ይላል። ለምዝገባም ለእርዳታም እንዳልሆነ፣ ካልፈለጉም መተው እንደሚችሉ በግልጽ አስረዱ።

2. በ«አዎ» የሚያልቅ ጥያቄ አትጠይቁ። «ጦርነቱ ከባድ ነበር?» ከማለት «ያን ዕለት ጠዋት የት ነበሩ? ከቤት ምን ይዘው ወጡ?» ማለት ይሻላል።

3. ያዩትንና የሰሙትን ለዩ። «በዓይንዎ አዩት ወይስ ሰው ነገረዎት?» በሉ። ሁለቱም ይጻፋል፤ ግን ለየብቻ።

4. ዓመቱ ከጠፋባቸው «ከድርቁ በፊት ነው በኋላ? የመጀመሪያ ልጅዎ ተወልዶ ነበር?» ብላችሁ እርዷቸው። የእኛና የፈረንጆች አቆጣጠር በ7 ወይም በ8 ዓመት ስለሚለያይ የየትኛው እንደሆነ ጻፉ።

5. ሶማሊኛ የማትችሉ አስተርጓሚ ያዙ፤ ሕፃን ልጅ ግን አይሁን። የሞት ወሬ ለልጅ ከባድ ነው።

6. ሐዘን ከመጣባቸው ጥያቄውን አቁሙ፤ ሌላ ቀን ይደርሳል።

7. ያለ ፈቃዳቸው ስም አትጻፉ። አገር ቤት የቀረ ዘመድ ሊጎዳ ይችላል።

መልመጃ፦ በዚህ ሳምንት አንድ አዛውንት 3 ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። የጻፋችሁትን መልሳችሁ አንብቡላቸው። «እንዲህ አላልኩም» ያሉትን ሰርዛችሁ እንደ ቃላቸው አስተካክሉ። ደብተሩንም ከዝናብና ከምድጃ አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ነገ ልጆቻችን ያነቡታል።