ሰምቶ መማር፣ አይቶ መማር፣ ይዞ መማር

ገለጻ፣ ሠርቶ ማሳየትና ልምምድ የሚባሉትን የማስተማር ዘዴዎች ሁላችንም ደብተራችን ላይ ጽፈናል፤ ለፈተናም ሸምድደናል። እኔ ግን ልዩነታቸው የገባኝ አምባሰል ከአጎቴ ጓሮ ነው።

አጎቴ በባህላዊ ቀፎ ንብ ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ባለፍሬም ዘመናዊ ቀፎ ወሰደ። ሥልጠናው የአንድ ቀን ስብሰባ ነበር፤ አሠልጣኙ ተናገረ፣ ገበሬው አጨበጨበ፣ ተበተነ። ዘመናዊ ቀፎ ጥቅሙ ፍሬሙ አንድ በአንድ መመዘዙ ነው፤ በማጣሪያው ውስጥ ተሽከርክሮ ማሩ ይወጣና እንጀራው ሳይሰበር ለንቦቹ ይመለሳል። ለዚህ ግን በየፍሬሙ ላይ የሰም ንጣፍ ቀድሞ መለጠፍ አለበት። አለበለዚያ ንቦቹ እንጀራውን እንደፈቀዳቸው ከፍሬም ፍሬም አያይዘው ይሠሩታል። አጎቴ ንጣፍ አልለጠፈም። ስለዚህ እንደ ድሮው በቢላ ቆርጦ አወጣው፤ ቀፎውም ዶሮ ማደሪያ ሆነ። (ዶሮዎቹ አላማረሩም።)

አሠልጣኙ ስለ ሰሙ ሳይናገር ቀርቶ ነው? የለም፣ ተናግሯል። አጎቴም ሰምቷል። «ሲያወሩት እኮ ቀላል ነበር» አለኝ።

እኔም ብሆን ከዚያ አሠልጣኝ አልሻልም። ሐይቅ ለማስተማር ልምምድ በወጣሁ ጊዜ ተማሪው ፕሮትራክተር ሳይጨብጥ ስለ ማዕዘን አርባ ደቂቃ አወራሁ። «ገባችሁ?» ስል «አዎ ቲቸር!» አሉ። በማግስቱ ለኩ ስላቸው መሣሪያውን ገልብጦ የያዘው ይበዛል።

ሠርቶ ማሳየት ከዚህ ይሻላል። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ በጭላሎ የተቋቋመው ካዱ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያን በሠርቶ ማሳያ ማሳ አስተዋውቋል። ገበሬ ዓይኑ ያላየውን አይቀበልማ! ነገር ግን የሚሠራው ባለሙያው ከሆነ የተመልካቹ እጅ ያው የድሮው እጅ ነው። በ1987 ዓ.ም. የተጀመረው የግብርና ኤክስቴንሽን ማሳያውን ግማሽ ሄክታር ገደማ አድርጎ ወደ ገበሬው የራሱ ማሳ አመጣው፤ አራሹም ራሱ ገበሬው ሆነ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመጣው የጤና ኤክስቴንሽን ደግሞ ሞዴል ቤተሰብ ለማስመረቅ 96 ሰዓት ሥልጠና መደበ። ምረቃውም የሰማ ሳይሆን መጸዳጃውን በግቢው ቆፍሮ የተገኘ ነው።

እርግጥ ይህ ጊዜ ይበላል። በስብሰባ መቶ ሰው በአንድ ቀን ይዳረሳል፤ በየቤቱ ቢኬድ ወራት ያልቃሉ። ቀፎ የት እንደሚገኝ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ ለመንገር ስብሰባ ይበቃል። የንብ መንጋ ማዛወር ግን አመሻሹ ላይ፣ ጭስ ይዞ፣ እየተነደፉ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ በቀን አዳራሽ ውስጥ አይማሩትም።

ባለፈው መስከረም ሥራውን የሚያውቅ ጎረቤት መጣልን። እሱ ቆሞ አየ እንጂ ምንም አልነካም፤ ንጣፉን ሽቦው ላይ ያጣበቅነው አጎቴና እኔ ነን። ኅዳር ላይ አጎቴ ፍሬሞቹን ራሱ እየመዘዘ አወጣ። ሁለቱ ብቻ ተያይዘው እምቢ አሉ፤ እኔ የለጠፍኳቸው ነበሩ።