ዜማ ለማስተማር ወደ ባዕድ አገር ስለሚላክ መምህር

በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 11 እንደ ተጻፈው፥ በአንጾኪያ ብዙ ሰዎች ማመናቸው በኢየሩሳሌም በተሰማ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን በርናባስን ላከችው። እርሱም በደረሰ ጊዜ አስቀድሞ የጐደለውን አልቈጠረም፤ የእግዚአብሔርን ጸጋ አይቶ ደስ አለው፤ ከዚያ በኋላ መከራቸው። ቀጥሎም ወደ ጠርሴስ ሄዶ ሳውልን ፈልጎ አመጣው፤ ሁለቱም አንድ ዓመት ሙሉ ተቀምጠው ሕዝቡን አስተማሩ። በዚህ ታሪክ አራት ነገር እናገኛለን፤ ይኸውም መላክ፥ በጎውን ማየት፥ ረዳት መፈለግና መቀመጥ ነው።

ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ወገኖቻችን በአሜሪካ፥ በአውሮፓና በዐረብ አገሮች ተበትነዋል፤ በሄዱበትም ቤተ ክርስቲያናቸውን አልረሱም። ነገር ግን ቅዳሴያችን ቢያንስ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት፥ በድምሩ አምስት አገልጋዮች ያስፈልጉታል። አገር ቤት ያለ ደቀ መዝሙር በቤተልሔም የድጓ ጉባኤ ብዙ ዓመት ተቀምጦ የሚማረውን፥ በባዕድ አገር ያለው ወጣት ቀን ሲሠራ ውሎ ቅዳሜ ማታ በሚያገኛት ሰዓት ሊማረው ይሻል። እንግዲህ ወደ እርሱ የሚላክ መምህር ምን ይዞ ይሂድ?

ስለዚህ ነገር በራሳችን የደረሰውን ስሕተት ብንናገር ለሌላው ትምህርት ይሆናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአውሮፓ ወደምትገኝ አንዲት አጥቢያ ለሦስት ሳምንት ተልከን ነበር። በመጀመሪያው ማታ ወጣቶቹ ከተቀረጸ ድምፅ ሰምተው ያጠኑትን አሰሙን። እኛም ገና አንዱን ቤት ሳይጨርሱ አስቁመን፥ «ይህ ዜማ አይደለም» አልናቸው። ከመካከላቸው አንዱ መጽሐፉን ዘግቶ ወጣ፤ በማግሥቱም አልመጣም። አንዲት አረጋዊት እናት ግን ወደ እኛ ቀርበው፥ «አባቴ፥ እነዚህ ልጆች ባይኖሩ ባለፈው ፋሲካ ማን ያዜምልን ነበር?» አሉን። የምንመልሰው አልነበረንም። ልጁ ካለበት ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። ተመልሶ መጥቶ እንደገና ባሰማን ጊዜ አራራዩ የቀና ነበረ፤ የጐደለው ርክርኩ ብቻ ነው። ትምህርቱንም ከዚያ ጀመርን። በርናባስ አስቀድሞ ያየውን እኛ ዘግይተን አየን ማለት ነው።

የዜማችን አባት ቅዱስ ያሬድ ራሱ በሕፃንነቱ ትምህርት ጸንቶበት ከአጎቱ ከጌዴዎን ዘንድ ሸሽቶ እንደ ነበረ ገድሉ ይነግረናል። ወድቃ ወድቃ በመጨረሻ ከዛፉ ላይ የወጣችውን ትል አይቶ ተመለሰ። በትምህርት የተቸገረውን የሚንቅ መምህር እንግዲህ የያሬድን ዜማ እንጂ የያሬድን ሕይወት አልተማረም። ደግሞም በአንደኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 25 የተቈጠሩት 288 መዘምራን በ24 ክፍል ሲመደቡ፥ ታናሹ ከታላቁ፥ መምህሩም ከደቀ መዝሙሩ ጋር እኩል ዕጣ ተጣጥለዋል።

ስለ ትምህርቱ ሥርዐት ሦስት ነገር እንመክራለን። አንደኛው፥ ንባብ ከዜማ ይቅደም። በባዕድ አገር የተወለዱ ልጆች ግዕዙን በላቲን ፊደል ጽፈው ያነባሉ፤ ይህ ለጊዜው ይረዳ ይሆናል፤ ነገር ግን ምልክቱ የሚቀመጠው በግዕዝ ፊደል ራስ ላይ ስለ ሆነ፥ ፊደሉን ያላወቀ ምልክቱን ማንበብ አይችልም። ተነሽ፥ ወዳቂ፥ ሰያፍና ተጣይ ንባብም ከመምህር አፍ የሚሰማ እንጂ ከጽሑፍ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ሁለተኛው፥ ምልክቶቹ ከነምሥጢራቸው ይነገሩ። ድፋት፥ ሒደት፥ ቅናት፥ ይዘት፥ ቍርጥ፥ ጭረት፥ ርክርክና ደረት የጌታን ሕማማት ያስታውሳሉ፤ ይዘት መያዙን፥ ጭረት የግርፋቱን ሰንበር፥ ርክርክ የደሙን ነጠብጣብ ያሳያል። ይህን በሚገባው ቋንቋ የሰማ ወጣት የሚያዜመው ስለ ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ያወቀም አይሰለችም። ሦስተኛው፥ ጥቂት ይሰጥ፤ ጥቂቱም ይጽና። በሦስት ሳምንት ድጓ አይዘለቅም፤ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አጽንቶ መሄድ ግን ይቻላል።

የተቀረጸ ድምፅ የሰማነውን ያስታውሰናል፤ ስንሳሳት ግን አያርመንም። ስለዚህ መምህሩ ሲመለስ ከዚያው ካሉት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ሌሎችን እንዲመሩ አዘጋጅቶ ይተው፤ በየሳምንቱም በስልክ ያሰማሩት። የሚልከውም አጥቢያ ቢቻል ለወራት እንጂ ለበዓል ማድመቂያ ብቻ አይላከው።

በባቢሎን የተማረኩት እስራኤል መሰንቋቸውን በዛፍ ላይ ሰቅለው አለቀሱ። የእኛ ልጆች ግን በባዕድ አገር ሆነው ጽናጽሉን አንሥተዋል። ያነሡትን እጅ ከማስጣል ይሰውረን፤ መምህራኑን በትዕግሥት፥ ወጣቶቹን በትጋት ያጽናልን። ለእግዚአብሔር ክብርና ምስጋና ይሁን፤ አሜን።