የፈረስ ገበያና የቤተሰብ ስም

ፈረስ ገዢ ጥርሱን ገልቦ ዕድሜውን ይገምታል፤ ኮቴና እግሩን ይመረምራል። ጠባዩን ግን የሚያውቀው ሻጩ ነው። የኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች ይህን የመረጃ አለመመጣጠን ይሉታል። ገዢው መታለልን ስለሚፈራ ለጥሩውም ፈረስ የመጥፎውን ዋጋ ይሰጣል፤ የጥሩ ፈረስ ባለቤትም ከገበያ ይሸሻል።

በአሜሪካ፣ ቴክሳስ ሪቻርድ ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1853 የመሠረተው ኪንግ ራንች የተባለው የከብት እርባታ ያገኘው መላ ዘር ቆጠራ ነው። በ1915 የተወለደውን ኦልድ ሶሬል የተባለ ድንጉላ ገና ውርንጭላ ሳለ ገዛ፤ በከብት ጥበቃ ሥራ ፈትኖም የዘር ግንድ አደረገው። የመሥራቹ የልጅ ልጅ ሮበርት ክሌበርግ የድንጉላውን ልጆች እርስ በርስ አዳቀለ። ድፍረት ነበር፤ የሥጋ ዝምድና መልካሙን እንደሚያጸና ሁሉ የተደበቀ ጉድለትም ያወጣልና። ከዚህ የተገኘው ዊምፒ በ1941 በፎርት ወርዝ ትርዒት አንደኛ ወጣ፤ በ1940 የተቋቋመው የአሜሪካ ኳርተር ሆርስ ማኅበርም በመዝገቡ ቁጥር 1 አድርጎ አሰፈረው።

በእንዲህ ያለ ገበያ ገዢው የሚከፍለው ለፈረሱ ብቻ ሳይሆን ለመዝገቡም ነው። ለሻጩ ግን ስም ዕዳም ነው። ዘዋሪ ነጋዴ ክፉ ፈረስ ሸጦ ወደ ሌላ ከተማ ይሻገራል። የቤተሰቡ ምልክት የተተኮሰበት ፈረስ ጋላቢውን ቢጥል ግን የመጪው ዓመት ውርንጭሎች ዋጋም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ነባር አርቢዎች ምርጥ ባዝራዎችን ለዘር ያስቀራሉ፤ ለገበያ በአብዛኛው የሚያወጡት በሥራ የተፈተነ ሰንጋ ፈረስ ነው። እስኪፈተን ማቆየቱ መኖ ይፈጃል፣ ገንዘብም ያስራል፤ ይህ ወጪ ዋጋው ውስጥ አለ።