ማሳሰቢያ፦ በዲኤችአይኤስ 2 ለሚሠሩ የጌዴኦ ዞን ጤና ባለሙያዎችና ለዲላ ፕሮግራመሮች

የጤና ሪፖርታችን የሚጠናቀርበት ዲኤችአይኤስ 2 ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። ልማቱን የሚያስተባብረው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን አገራችን ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በስፋት ትጠቀምበታለች። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ብቻ ግን የገደብ ወይም የኮቸሬ ወረዳ ባለሙያ ችግር ኦስሎ አይደርስም። ስለዚህ፦

ቅሬታን በቃል ብቻ አይተዉት። የሪፖርት ወሩ በ20 ተዘግቶ ሁሉም ሪፖርት ለማስገባት ሲጣደፍ በስልክ የተነገረ ችግር፣ ሪፖርቱ ካለፈ በኋላ የሚያስታውሰው የለም። በዕለቱ ይጻፉት።

«ሲስተሙ አይሠራም» ብለው አይጻፉ። «የጥርን ሪፖርት በስልክ ስሞላ ኔትወርክ ተቋረጠ፤ ሲመለስ የክትባቱ ቁጥር ጠፍቶ አገኘሁት» ይበሉ። ሶፍትዌሩ ኔትወርክ በሌለበት የተሞላውን ይዞ ቆይቶ በኋላ እንዲልክ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ፕሮግራመሩ ስህተቱን የት እንደሚፈልግ ትነግረዋለች። የስልኩን ዓይነትና የመተግበሪያውን ቨርዥን ከጨመሩበት ደግሞ ሥራው ይቀልለታል።

ጥያቄው የማን እንደሆነ ይለዩ። ብዙ ጊዜ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ቅጹ ላይ የሚሞላው ምንድን ነው የሚለውን የሚወስነው ጤና ሚኒስቴር ነው፤ ይህ ጥያቄ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል፣ ከዚያም ወደ ሚኒስቴሩ ይሂድ። የሶፍትዌሩ የራሱ ብልሽት ከሆነ ግን የኦስሎ ባለሙያዎች ለሁሉም ክፍት ባደረጉት የችግር መዝገብ ላይ ይመዝገብ። ከመመዝገብዎ በፊት ሌላ ሰው አስመዝግቦት እንደሆነ ይፈልጉ።

«እዚህ ጋ ቁልፍ ጨምሩ» ከማለትዎ በፊት ምን እንደቸገረዎ ያስረዱ። ያው ቁልፍ ይህንኑ ሶፍትዌር የምትጠቀም የሌላ አገር ነርስንም ሥራ ይነካል።

የታካሚ ስም፣ የካርድ ቁጥር ወይም ስልክ የሚታይበት ስክሪንሾት በፍጹም አይላኩ።

ፕሮግራመሮች ሆይ፣ የማትሠሩትን ጥያቄ «አንሠራውም፤ ምክንያቱም...» ብላችሁ መልሱ እንጂ በዝምታ አትለፉት። በጌዴኦኛ የቀረበ ቅሬታ ሲደርሳችሁ አስተርጉሙት፤ «በእንግሊዝኛ ጻፍ» ብላችሁ አትመልሱ። ደጋግሞ የሚጽፍላችሁን ብቻም አትስሙ፤ የቡሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ዝም ስላለች ተመችቷታል ማለት አይደለም። ጤና ኬላዋ ድረስ ሂዱ፤ ቅጹን በራሷ ስልክ፣ በዚያው ደካማ ኔትወርክ ስትሞላው አጠገቧ ሆናችሁ እዩ።