የሎሚ ልጣጭ አይጣል

እናቶቻችን በእንዶድ ልብስ ያጥቡ፣ በአመድ ድስት ይፈትጉ፣ በግራዋ ጋን ያጥቡ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው የቢልሃርዝያ መከላከያ ምርምራቸውን የጀመሩት።

ኩዌት እንዶድ ከየት ይመጣል? በሳልሚያም ሆነ በሐወሊ ወጥ ቤት ግን የሎሚ ልጣጭ ሞልቷል። ልጣጩን በብርጭቆ ማሰሮ ጨምሩ፣ ነጭ ኮምጣጤ (ኸል) አፍስሱበት፣ ሁለት ሳምንት አቆይታችሁ አጥልሉት። በእኩል ውኃ ሲቀጥን ለመስኮትና ለቅባት ደህና ነው። ጀርም በመግደል ግን በረኪናን አይተካም።

እብነ በረድ አታስነኩት! ኮምጣጤ ይበላዋል፤ ያ ምልክት በማጽዳት አይለቅም፣ ተጠያቂዋም እናንተ ናችሁ። ለእሱ ለብ ያለ ውኃና ጥቂት የሰሃን ሳሙና ይበቃል።

ከሁሉ በላይ ኮምጣጤንም ሆነ ሎሚን ከክሎሮክስ (በረኪና) ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ። ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ሳንባ ይጎዳል። መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ማዳም «ቀላቅዪው» ካለች «ኸጠር» በሏት፤ አደጋ ነው ማለት ነው። ሳታውቁ ከተቀላቀለ ለማጽዳት አትቆዩ፤ በሩን ክፍት ትታችሁ ወዲያው ወደ ንጹህ አየር ውጡ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ በ112 አምቡላንስ ይጠራላችሁ።